ሠላሳ አንዱን ሚንክ ማን እንደሰቀለው

እኔ ኢሲዶር ካሪየር፣ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት፣ በሰሜን ማኒቶባ ረግረግ ተወልጄ በዚያው ያረጀሁ ወጥመደኛ፣ ዛሬ እሑድ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1961 ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ሳንባዬ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን በቦታው ነው። ለዚህም ማስረጃ ይሆን ዘንድ፣ ምስክሬ ማግሎር ባድ ዛሬ ጠዋት ሲገባ የማንን ጓንት እንዳጠለቀ ነግሬዋለሁ። የእኔን ነው፤ ካምና ጀምሮ ስፈልገው ነበር።

ቃሌን የምትጽፈው የትምህርት ቤታችን መምህርት ወይዘሪት አግነስ ናት። እኔ የምለውን ብቻ ሳይሆን በመካከል የሚባለውንም እንዳትተው አዝዣታለሁ፤ ከሞትኩ በኋላ ማግሎር እንዲህ አላልኩም ማለቱ አይቀርምና። ሁለተኛዋ ምስክር ጎረቤቴ ኢላይዛ ሴቲ ናት። ልጄ ዴሊማ ማድ ቤት ዓሣ ትበልታለች። ውርስ ሲነገር ወራሽ አይቀመጥም ብዬ ያስወጣኋት እኔ ነኝ።

አንደኛ፣ በሚስቴ በሮዛሊ ጎን ቅበሩኝ። መሬቱ በብርድ ሳይደርቅ ብሞት ለቆፋሪዎች ይቀላቸዋል፤ በዚህ ረገድ የተቻለኝን እያደረግሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ቤቱ፣ ምድጃው፣ የስፌት መኪናውና ሦስቱ ውሾች ለዴሊማ ይሁኑ። ውሾቹ እኔን ትተው ለእሷ መታዘዝ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ስለዚህ የማወርሳት የራሷን ነው።

ሦስተኛ፣ የወጥመድ መስመሬ፣ ከደጃፌ ተነሥቶ በረግረጉ ዳር፣ ሐይቁን ዞሮ፣ በኩሬዎቹ በኩል እስከ ማግሎር ወሰን የሚደርሰው፣ ከነአርባ ወጥመዱ ለወንድ ልጄ ለሬይመንድ ይሁን። ሬይመንድ ዊኒፔግ ከተማ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በየገናው ካላንደር ይልክልኛል፤ ቀኔ እያለቀ መሆኑን እንዳልረሳ ይመስለኛል። መስመሩን ካገኘ ይመለሳል የሚል ተስፋ አለኝ።

ዴሊማ መስመሩን ከማንም አብልጣ እንደምትመኘው አውቃለሁ። ሚንክ፣ ያ ለውድ ቆዳው የምናጠምደው ትንሽ የውሃ ዳር አውሬ፣ በየትኛው ጉድጓድ ገብቶ በየትኛው እንደሚወጣ ከእኔ ቀድማ ታውቃለች። ነገር ግን እናቷ ሮዛሊ የሞተችው በዚህ መስመር ላይ ነው፤ የኖቬምበር ስስ በረዶ ከድቷት ሰጠመች። ያን ቀን ወጥመዱን ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ብርዱ አሰንፎኝ ከብርድ ልብሴ ሳልወጣ እሷን ላክሁ። ከዚያ ወዲህ ዴሊማ በረዶ ላይ እግሯን እንዳታሳርፍ ከልክያታለሁ። ታኩርፈኝ እንጂ አትሙትብኝ።

አራተኛ፣ የማባበያ ጠርሙሴም ለሬይመንድ ይሁን። ያለበት ተቆራርጦ ክረምት ከበጋ ፀሐይ ላይ የከረመ የዓሣ ስብ ነው። አንድ ጠብታው ሚንክን ከሐይቁ ማዶ ይጠራል፣ ጎረቤትን ወደ ሐይቁ ማዶ ይሰድዳል። አውቶቡስ ውስጥ እንዳይከፍተው አደራ።

አምስተኛው ንብረት ሳይሆን ኃጢአት ነው። በ1929 እኔና ማግሎር ስለ ወሰን ተጣልተን ስንታረቅ፣ ቢቨር የሚባለው አውሬ ዛፍ በጥርሱ ቆርጦ ወንዙ ላይ የሠራው ግድብ ወሰናችን ይሁን ብለን ተጨባበጥን። ቢቨር ደክሞ የሠራውን ግድብ ጥሎ የትም አይሄድም አልን። አውሬውን እናውቃለን ባዮች ነበርና ማንም ሊመክረን አልደፈረም። ግድቡ ሲፈርስበት ግን ቢቨር በወንዙ ዝቅ ብሎ ሌላ ይሠራል። ይህን በተረዳሁ ጊዜ በየጸደዩ ዶማ ይዤ እየሄድኩ አፈርሰው ጀመር። ቢቨሮቹ ወደ ማግሎር በኩል ወረዱ፣ ወሰኑም አብሮ ወረደ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ኩሬ ከማግሎር ወደ እኔ ተሻገረ፤ በረግረጉ ሁሉ ሚንክ እንደነሱ የሚበዛበት የለም።

እዚህ ላይ ማግሎር ፒፓውን ከአፉ አወጣ።

"አውቅ ነበር" አለ። "የዶማህን እጀታ ሰብረህ ግድቡ ላይ ትተኸው ሄደሃል። እስከ ዛሬ ምድጃዬን የምቆሰቁሰው በሱ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ይታክተዋል ብዬ ነዋ! ለሥራ የታከትክ ሰውዬ ለተንኮል አትታክትም ለካ።"

ሦስቱን ኩሬዎች ለማግሎር መመለስ እፈልጋለሁ። ምክንያቱ ጸጸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጸጸቱን ይዤው እሞት ነበር። በ1943 ክረምት፣ አርባውንም ወጥመድ አጥምጄ ስጨርስ ሳንባ ምች ጣለኝና ከአልጋ ሳልወርድ ከረምኩ። በእኛ ዘንድ በሌላ ሰው ወጥመድ የተያዘ አውሬ ያገኘ፣ አውጥቶ ለባለቤቱ ዛፍ ላይ ይሰቅልለታል። ያን ክረምት ግን ሚንኩ እየተለቀመ በደጄ ባለው በርች ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ያድር ነበር። በጠቅላላው ሠላሳ አንድ ሆነ። ከሞት የተረፍኩት በእነዚያ ቆዳዎች ነው። የተሰቀሉበትን ክር ሳየው የግራኝ ቋጠሮ ነው፤ በረግረጉ ላይ ግራኝ ማግሎር ብቻ ነው።

አላመሰገንኩትም። ካመሰገንኩት ኩሬዎቹን መመለስ ሊኖርብኝ ነው፤ ስለዚህ የማላውቅ መሰልኩ። ብቻ በየመከሩ አንድ አንድ የዱር ዝይ እወስድለት ነበር፤ እሱም ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ወይዘሪት አግነስ ብዕሯን አንሥታ በሕጉ ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው ምንም መውሰድ እንደማይችል ነገረችን። ማግሎር ኩሬዎቹን ከፈለገ ከምስክርነቱ ይነሣና ሌላ ሰው ይጠራ አለች። ማግሎር ጓንቱን፣ ማለት ጓንቴን፣ ያገላብጥ ጀመር። ሠላሳ ዓመት የተመኛቸው ኩሬዎች ናቸው፤ ከወንበሩ መነሣት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

"አልነሣም" አለ በመጨረሻ። "ያን ክረምት እኔም እግሬን ብርድ መትቶኝ ከምድጃ ዳር አልተንቀሳቀስኩም። አንተ ተኝተህ የት ታየኛለህ? ወጥመድህን የዞረችው ልጅህ ናት፣ ኢሲዶር። እንዳታውቅባት ቋጠሮውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ለማንም አትንገሩ ብላ አስማለችኝ፤ ይኸው ዛሬ መሐላዬን በላሁ።"

ዝዮቹንስ አልኩት። ዝዮቹ ጣፋጭ ነበሩ አለኝ።

ዴሊማ ያን ክረምት በየቀኑ ኢላይዛ ዘንድ ስፌት ልማር ትል ነበርና ወደ ኢላይዛ ዞርኩ። ኢላይዛ ጣሪያውን እያየች፣ ልጅቷ እቤቷ አንድ ቁልፍ እንኳ ተክላ እንደማታውቅ አመነች። በቤቴ ከውሾቹ በቀር ያልዋሸኝ የለም።

ዴሊማን አስጠራኋት። ቢላዋዋን እንደያዘች፣ እጇ የዓሣ ቅርፊት እንደለበሰ መጥታ ቆመች። ሠላሳ አንዱን ሚንክ የሰቀልሽው አንቺ ነሽ ወይ አልኳት።

"ሠላሳ አንድ አይደለም አባባ፣ ሠላሳ ሦስት ነው" አለች። "ሁለቱን ጋሼ ማግሎር የቋጠሮ ማስተማሪያ ብለው ወሰዱብኝ።"

ማግሎር ፒፓው ውስጥ የጠፋበትን ነገር መፈለግ ጀመረ።

"በረዶውስ? ከልክዬሽ አልነበረም?"

"ከልክለኸኛል። አንተ አልጋ ላይ፣ ዱቄቱ ደግሞ አልቋል፤ ምን ላድርግ? እማዬ የሰጠመች ቀን ዱላ አልያዘችም ነበር። እኔ በረዶውን በዱላ ሳልመታ አንድ እርምጃ ሄጄ አላውቅም። ሃያ ዓመቴ ነበር አባባ፣ እኔም መሞት አልፈለግሁም። አንተም እንድትሞትብኝ አልፈለግሁም።"

አለቀስኩ። ጸሐፊዋ ሳል ነው ብላ እንዳታድበሰብስልኝ፤ አለቀሰ ብላ ትጻፍ።

ስለዚህ ሦስተኛው ቃሌ ተሽሯል። የወጥመድ መስመሬ በሙሉ፣ ሦስቱ ኩሬዎችም ጭምር፣ የዴሊማ ነው። የመስመር ፈቃድ የሚሰጠው የአደን ሹም ሴት ናት ብሎ ቢያንገራግር፣ የወሰንተኛዋን የማግሎርን የምስክርነት ቃል ከዚህ ያንብብ። ማግሎር ምስክር ስለሆነ ምንም አይወስድም፤ ሕግ እንደ ዛሬ ተስማምቶኝ አያውቅም። ዴሊማ ከኩሬዎቹ አንዱን ብትመልስለት ግን መቃብሬ ውስጥ አልገላበጥም። ዝዩም አይቅርበት፤ ኩሬዎቹን ትቶ ለልጄ መሰከረላት። ጠርሙሱ እንደተባለው የሬይመንድ ነው።

በረዶውን የከለከልኳት በፍርሃቴ ነበር፤ የራሴን ስንፍና እሷ ላይ ጭኜ ዕድሜዋን ቤት አስቀመጥኳት። ክልከላዬን በዚህ ጽሑፍ አንሥቻለሁ፤ ይቅርታዋንም እለምናለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ትክክል ነው ብያለሁ። ከመፈረሜ በፊት ልስማት ፈልጌ ዴሊማ ብል መልስ የለም። ኢላይዛ በመስኮት አየችና ወደ ኩሬዎቹ እየሄደች ነው አለችኝ፤ ሐሙስ ያጠመደችው አራት ወጥመድ አለ። ቀና ብዬ ወጥመዶቼ የሚሰቀሉበትን ግድግዳ ባይ እውነትም አራት ጎድሏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥሩልኝ ብዬ እጮህ ነበር። አሁን ዝም ብዬ ሳዳምጥ በረዶውን በዱላ ስትመታ ይሰማኛል፤ ድምፁ የጠንካራ በረዶ ነው።

እስክትመለስ አልሞትም። የያዘችው ትልቁን ወንዱን ሚንክ ይሁን ትንሿን ሴቷን ማወቅ አለብኝ።

ተናዛዥ ኢሲዶር ካሪየር፦ በገዛ እጁ ፈረመ።

ምስክር ማግሎር ባድ፦ በግራ እጁ ፈረመ፤ ጓንቱንም መልሷል።

ምስክር ኢላይዛ ሴቲ፦ ከመስኮቱ ሳትርቅ ፈረመች።

ጸሐፊ አግነስ ሙር፦ የተባለውን ሁሉ ጽፌአለሁ። ወንዱ ነው።