አያቴን አቅርቡልኝ ያልሽ ዕለት

ልጄ ማሊን፣ ሰላምሽ ይብዛ፤ አምላክ ከክፉ እጅ ይሰውርሽ። (ቡጢ መቀበል ሥራዋ ነው ብላት አፈጠጠችብኝ። ጸሐፊዋ እኔ፣ እህትሽ ቱቫ ነኝ።) ከብስክሌት ወድቄ እጄ ጄሶ ውስጥ ስለሆነ ነው እሷን የማስጽፋት። (ብስክሌቱ ቆሞ ነበር።)

እኛ እዚህ ቦሮስ ከተማ ደህና ነን። በገንዘብ ቦክስ መግጠም በአገርሽ ክልክል ነው ብለው ሃምቡርግ አሰደዱሽ፤ ስታሸንፊ ግን ጋዜጣው «የኛ ማሊን» ይላል። «ሴት ልጅ አፍንጫዋን አስሰብራ!» ስትልሽ የኖረችው አክስትሽ ጉንቦር ፎቶሽን ቆርጣ ማቀዝቀዣዋ ላይ ለጥፋዋለች። አባትሽ ግጥሚያሽን የሚያየው ትራስ ፊቱ ላይ ይዞ ነው። (ሲያልቅ ደግሞ «ግራ እጇ ደክሟል» እያለ ያስተምረናል።)

አሁን የልቤን ልንገርሽ። በሰኔ፣ የበጋው አጋማሽ በዓል ዕለት ጨው ዓሣውንና አዲሱን ድንች ከበን ሳለን ደወልሽ። «አያቴን አቅርቡልኝ፤ እሱ ሳይዘፍን መጠጥ አይቀመስም» አልሽ። አያትሽ በየካቲት አርፈዋል፤ ሣጥናቸውንም ከተሸከሙት አንዷ አንቺ ነበርሽ። አባትሽ ደንግጦ «ተኝተዋል» አለሽ። «እሺ፣ አትቀስቅሱት» ብለሽ ሳቅሽ። ማዕዱ እንደቀረበ ቀረ። (እኔም አልቀለድኩም።)

የመታሽ ሁሉ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረ ወስዶብሻል፣ ልጄ። የጥቅምቱን ግጥሚያ ተይውና ነይ፤ ሐኪም ጭንቅላትሽን ይይልን። አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ። የአያትሽን መርዶ እንደገና ማርዳቴ አይቀርም፤ ያኔ ግን በስልክ ሳይሆን እቅፌ ውስጥ ሆነሽ አልቅሺ።

እናትሽ ሶልቬይ