ስለ አንዲት ጣሳና በሙሉ ድምፅ ስለጸደቀ ሹመት

ለተገለሉ ማኅበረሰቦች ጥናት ማዕከል የበላይ ቦርድ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ቦርዱ ስብሰባ ምንም ተቃውሞ የማይሰማበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የማዕከሉ የሰነድ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ባለፈው ወር አዲስ ዳይሬክተር ለመምረጥ በተሰየመው የሦስት ሰው ኮሚቴ ውስጥ የሠራተኞች ተወካይ ሆኜ ከእርስዎና ከምክትልዎ ጋር ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ ስይዝ ነበር። ፊቴን ባያስታውሱት አልቀየምም፤ እጄን ግን ያስታውሷታል፤ የእርስዎ እጅ ሲነሣ ተከትላ የተነሣችው እሷ ናት።

በዚሁ ጉዳይ ሁለት ጊዜ በመዝገብ ቤት በኩል ጽፌ መልስ ስላልደረሰኝ፣ የሥራ ብዛትዎን በመረዳት፣ ይህን ሦስተኛውን ሌላው ሰው እንዲያነብልዎ በአደባባይ ማውጣቱን መርጫለሁ። ጉዳዮቹንም እንደ መሥሪያ ቤታችን ልማድ በቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. ስለ አዲሱ ሹመት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ማዕከሉን ለዘጠኝ ወር በተጠባባቂነት የመሩት ባልደረባችን የሸክላ ሠሪዎች ልጅ ናቸው፤ ይኸውም ማዕከሉ ሲቋቋም በወረቀት ከዘረዘራቸው፣ ሰው አብሯቸው ከማይበላ ከማይጠጣ ማኅበረሰቦች የአንዱ። በእርስዎ ቃልና በእኔ እጅ ጽሑፍ እንደሰፈረው «ለሚጠናው ጉዳይ ካላቸው ከፍተኛ ቅርበት የተነሣ ገለልተኝነታቸው አጠራጣሪ» ሆኖ ተገኝቷል። በምትካቸው የሾሟቸው ሰው ግን ዕድሜያቸውን በድልድይ ሥራ የፈጁ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ ከምናጠናቸው ሰዎች ጋር በሕይወታቸው ተገናኝተው አያውቁም። ይህም በትውውቁ ስብሰባ ላይ «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች የሚመጡት በሥራ ሰዓት ነው?» ብለው በጠየቁን ጊዜ በተጨባጭ ተረጋግጧል። በዚህ አያያዛችን ነገ የዓሣ ጥናት ማዕከል ብንከፍት፣ ውሃ የሚፈራ ሰው ፈልገን እንደምንሾምበት አልጠራጠርም።

፪. በቃለ መጠይቁ ቀን ስላሳዩት ትዕግሥትም አመሰግናለሁ። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፦ የማዕከላችን የሻይ ክፍል መደርደሪያ ሁለት እርከን አለው። በላይኛው ጆሮ ያላቸው ነጫጭ ኩባያዎች ይደረደራሉ፤ በታችኛው አንዲት ጣሳ ብቻዋን ትቀመጣለች። ጣሳዋ የሕይወት ታሪካቸውን ሊነግሩን ከሩቅ ለሚመጡ፣ እኛ «መረጃ ሰጪ» ለምንላቸው እንግዶች የተመደበች ናት። የዚያን ዕለት ሻይ የሚያፈሉልን እትዬ ሦስት ኩባያና አንድ ጣሳ በትሪ ይዘው ገቡ፤ ኩባያዎቹን ለእኛ ለሦስታችን፣ ጣሳዋን ለተጠባባቂ ዳይሬክተሯ አስቀመጡ። እርስዎም ዓይንዎን ከጣሳዋ ወደ ጣሪያው አንሥተው «ምነው፣ ኩባያ አነሰ እንዴ?» ሲሉ፣ እትዬ ቤቱ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር በማያውቅ ሰው ተገርመው «ኧረ ሞልቷል ጌታዬ፤ የእሳቸው ይቺ ናት እንጂ። ከተሾሙ ጀምሮ በሌላ ጠጥተው አያውቁም» ብለው ትሪያቸውን ይዘው ወጡ።

ተጠባባቂዋ አልተቆጡም። ጣሳዋን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ የገጽ ቁጥር እንደሚጠቅስ ሰው ረጋ ብለው «የቤቱ ደንብ ነው፤ ደብዳቤ አለው። እናቴ ለጥናቱ ተጠርተው ሲመጡ የጠጡት በዚችው ነው። ወንበር ሲለወጥ ኩባያው ይለወጣል የሚል አንቀጽ ፈልጌ አጣሁበት» አሉ። እኛ እኮ ዘጠኙን ወር ሙሉ «አቤት ትሕትና፣ አቤት ትሕትና» ስንል ነበር የከረምነው።

እርስዎም ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁ፦ «ማን ነው እንዲህ ያለ ደብዳቤ የጻፈው?»

በዚያች ቅጽበት፣ ክቡር ሆይ፣ የእኔ ብዕር ቀለም የጨረሰች መሰለኝ፤ አራገፍኳት፣ ከፈትኳት፣ መልሼ ገጠምኳት፣ ወረቀቱ ጥግ ላይ ሞከርኳት። ብዕሯ ደኅና ነበረች። ተጠባባቂዋ አጎንብሼ የማደርገውን ሁሉ አዩ፤ ከዚያ «ሰነድ ክፍል ይገኛል» ብቻ ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

፫. ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሰባት ዓመት በፊት የነበሩት ዳይሬክተር ጠርተውኝ «ሠራተኛው ከመረጃ ሰጪዎቹ ጋር በሚጋራው ኩባያ ጉዳይ እያጉረመረመ ነው፤ የአንተ ብዕር ለስላሳ ነው፣ ማንንም የማያስቀይም ነገር ጻፍልን» አሉኝ። እኔም ማንንም የማያስቀይም ነገር ጻፍኩ፦ «ለመረጃ ሰጪ እንግዶቻችን ምቾት ሲባል የተለየ የመጠጫ ዕቃ እንዲዘጋጅላቸው»። «ምቾት» የምትለዋን ቃል ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፤ ባገኘኋት ጊዜም ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ አንብቤላታለሁ። እሷ «ምቾቱ የማን ነው?» አለችኝ። ሴት ወይዘሮ የቢሮ ቋንቋ ምን ታውቃለች ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩ።

፬. ስለ ድምፄ። ተጠባባቂዋ ከወጡ በኋላ እርስዎ «ይህ የጣሳ ነገር ራሱ ገለልተኛ አለመሆናቸውን አያሳይም ትላላችሁ?» ብለው ለመሐንዲሱ ሹመት እጅዎን አነሡ፤ ምክትልዎ በእሺታ ራሳቸውን ነቅንቀው ተከተሉ፤ እኔም እጄን አነሣሁ። ፈርቼ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ፍርሃት ለሽማግሌ ይነገራል፣ ይቅርታም ይጠየቅበታል። እኔ እጄን ያነሣሁት እሳቸው ከቆዩ ያቺ ጣሳ በየማለዳው በዳይሬክተሯ ጠረጴዛ ላይ ስለምትቀመጥና እኔም በየማለዳው ፋይል ላስፈርም ስለምገባ ነው። ለጉዳዩ ከፍተኛ ቅርበት ያለው ሰው በክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ ይይዝ ነበር።

በማዕከሉ ደንብ መሠረት ሹመት በሙሉ ድምፅ ካለፈ ይግባኝ የለውም፤ አንድ ድምፅ ከተቃወመ ግን የማኅበረሰቦቹ ተወካዮች ግማሹን ወንበር ወደያዙበት ጠቅላላ ጉባኤ ይሄዳል። ተጠባባቂዋ ያቀረቡት ይግባኝ የተመለሰው «በሙሉ ድምፅ» በሚሉት ሁለት ቃላት ነው፤ እነሱንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ሹመቱ የሚጸናው ከአሥር ቀን በኋላ ስለሆነ፣ የሰጠሁትን የድጋፍ ድምፅ መሳቤን በዚህ ደብዳቤ አስታውቃለሁ። ዘግይተሃል ቢሉኝ እውነትዎን ነው፤ ሰባት ዓመት ዘግይቻለሁ።

፭. ይህኛው አቤቱታ አይደለም፣ ለጥናት ይረዳ እንደሆነ ብዬ ነው። ተጠባባቂዋ በለቀቁበት ቀን ጣሳዋን አጥበው፣ አድርቀው፣ በላይኛው እርከን ከነጫጮቹ ኩባያዎች መሀል አስቀምጠዋት ሄዱ። በማግሥቱ አንዱ ባልደረባችን ኩባያ ከቤቱ በቦርሳ ይዞ መጣ፤ በሳምንቱ ሁላችንም ይዘን መጣን። ስለ መገለል አራት ዳጎስ ያሉ ጥራዞች ያሳተምን አሥራ ስምንት ሰዎች ነን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት የማንን ቤት አይቶ እንደተባለ አሁን ገባኝ። እትዬም መደርደሪያውን እየወለወሉ «ምነው ልጆቼ፣ ኩባያው ሁሉ ባለቤት አጣ?» ይላሉ፤ ሁላችንም ወረቀት እናገላብጣለን።

ክቡር ሆይ፣ ውድ ጊዜዎን ስለ ሠዉልኝ፣ ስምዎ በድልድይ ላይ ተቀርጾ ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ (ዝቅ ማለቱን ለምጄዋለሁ) እሰናበታለሁ።

የሰነድ ክፍል ኃላፊ፣
ለስላሳው ብዕር

ማስታወሻ፦ ለአዲሱ ዳይሬክተር አቀባበል እንግዶች ሁሉ በወረቀት ኩባያ እንዲስተናገዱ ማዘዝዎን ሰምቻለሁ፤ እኩልነትን ተጠቅሞ በመጣል ያመጣ ሰው ከእርስዎ በፊት አላውቅም። እኔ ግን ዛሬ ጠዋት በጣሳዋ ጠጣሁ። ሻዩ ሻይ ሻይ ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም። በግኝቱ ላይ አንድ ጉድለት አለ፣ እንደ ተመራማሪ መሸሸግ አይገባኝም፦ ከመጠጣቴ በፊት ኮሪደሩን አይቼ፣ የሻይ ክፍሉን በር ከውስጥ ቆልፌ ነበር።