የአፍደም ጣቢያ ዛፎችን የተከለው ማን ነው?

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ በዛብህ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የጠዋት ሳልስ ተወዎት? እናቴስ፣ ወገቧ ተሻላት? እኔ ከሙቀቱ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። አፍደም አሁን በልግ ነው፤ ሶማሌዎቹ «ጉ» ይሉታል። ሦስት ቀን ዘንቦ አቧራው ጋብ ብሏል፤ የባቡር ጣቢያው ዛፎችም ለምልመዋል።

የምጽፍልዎ ስለ እነዚሁ ዛፎች ነው። ወረዳው ቦታውን አጥሮ መናፈሻ ሊያደርገው ነው፤ የታሪክ አስተማሪ ነህ ብለው በሩ ላይ የሚሰቀለውን ጽሑፍ ለእኔ ሰጡኝ። እርስዎም ይህን ሰምተው «የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ስሜን ጻፍና ሳልሞት ፎቶውን ላክልኝ» ብለውኛል። እኔ ግን ምስክር ሳልጠይቅ አልጽፍም፣ የአባቴ ቃል ቢሆንም።

እርስዎ ጣቢያው ላይ ሲሠሩ ለተሳፋሪ ወተት ይሸጡ የነበሩትን ወይዘሮ ካልቱንን ጠየቅኩ። እሳቸው እንደነገሩኝ፣ እርስዎ በ1985 ቲኬት ቆራጭ ሆነው እንደመጡ መሬቱን ለክተው መንገድ አወጡለት፤ ዳር ዳሩን ድንጋይ ደርድረው ኖራ ቀቡት፤ ከዚያ ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ ከደጋ ያስመጡትን ችግኝ ተከሉ። የደጋ ችግኝ በአፍደም! ወር ሳይሞላው ደረቀ። እርስዎ ግን ጠዋት ማታ ጭራሮውን ያጠጡ ነበር አሉ።

«ሰውዬውም አሳዘነኝ፣ ውሃውም አሳዘነኝ» ይላሉ ወይዘሮ ካልቱን። ስለዚህ እርስዎ ሳያዩ በየጭራሮው ሥር ሙቀት የሚችለውን የቁርቁራ ዛፍ ፍሬ ቀበሩ። በበልጉ ዝናብ ብቅ ብቅ ሲል እርስዎ «ነፍስ ዘራ!» ብለው ጣቢያውን በሙሉ ሻይ ጋበዙ። «ለምን አልነገሩትም?» ብላቸው፣ «እንደዚያ ደስ ብሎት እያየሁ አፌ አልታዘዘልኝም» አሉኝ።

አባባ፣ እንግዲህ አልዋሹም ማለት ነው። በልጅነቴ እጠራጠርዎ ነበርና ይቅር ይበሉኝ። ሴትዮዋ አሁንም «ታሟል አሉ፣ የእርሱን ስም ብቻ ጻፍ፤ ለእኔ ጥላው ይበቃኛል» ይላሉ። እኔ ግን «ወይዘሮ ካልቱን ዘሩ፤ አቶ በዛብህ አጠጡ» ብዬ አዘጋጅቻለሁ።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ለእህቴ ለአገሬ፣ ለትንሿ ሄርሜላም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ቦርዱን የሚጽፈው ሰው የሚመጣው ለግንቦት ልደታ ሰሞን ነው። ቅር ካለዎት ከዚያ በፊት ይጻፉልኝ፤ የእርስዎን ስም ከጽሑፉ እሰርዘዋለሁ። የወይዘሮ ካልቱንን ግን አልሰርዝም።

ልጅዎ መርሻ በዛብህ
አፍደም፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1998 ዓ.ም.