ቁንጮዋ እና የስልኩ ድምፅ

ሚያዝያ 6፣ ጠዋት
ቡናው ስር አረም እየነቀልኩ ነው። ቁንጮዋ ዛሬም ብርብራው ዛፍ ላይ ጎጆዋ ውስጥ ተቀምጣለች። ለወፏ ይህን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አናቷ ላይ ነጭ ቁንጮ ስላላት። ብድግ ስትል ከዳገቱ ሆኜ አየሁ። ሁለት እንቁላል። ለማንም አልነገርኩም፣ ላንቺ ብቻ፣ ደብተሬ።

ሚያዝያ 8፣ ማታ
ወንድሜ ታምራት ከዲላ እንግዶች አመጣ። ቁንጮዋን ፍለጋ ነው የመጡት። ከእኛ አገር ሌላ የትም የለችም አሉ፤ እዚህም ደኑ ሲሳሳ ጥቂት ነው የቀረችው። ታምራት የእሷን ዓይነት ድምፅ ከስልኩ ከፈተ። ሌላ ወፍ የገባባት መስሏት ወጣች። ክንፏ ሲዘረጋ ቀይ። እንግዶቹ ደስ አላቸው። አንዷ ጠራችኝ። እንሰቱ ውስጥ ገብቼ ተደበቅኩ። ምን ነካኝ?

ሚያዝያ 10
ሌሎች እንግዶች። ስልኩ ይጮኻል፣ እሷ ከዛፍ ዛፍ ትዞራለች። ዝናብ መጣ። ጎጆው ባዶ። ቁራ ገባበት።
አንድ እንቁላል ቀረ።

ሚያዝያ 10፣ ማታ
እራት ላይ ተናገርኩ። ስልኩን ተው፣ ቁራ እየበላባት ነው አልኩት። እማዬ ቆጮውን እንደያዘች ቀረች። ታምራት ሳቀ።
«እማዬ፣ ስሚ! ዲዳሽ አፍ አወጣች! ቁራ ለሰረቀው እኔን ልትከስ ነው?»
ከዚያ ሳቁን ተወ። ሰው መጥቶ ካላያት ዛፉን ማን ይተውላታል፣ ለጣውላ ነው የሚቆረጠው አለ። እውነቱን ሊሆን ይችላል።
መልሱ የመጣልኝ ጋደም ካልኩ በኋላ ነው። ይዩዋት፤ ግን እንቁላሉ ተፈልፍሎ ጫጩቷ ከበረረች በኋላ። እንዲህ ማለት ነበረብኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ።

ሚያዝያ 11
ጠዋት መልሱን ለታምራት ልነግረው ደጅ ወጣሁ። ከአንድ እንግዳ ጋር በስልክ እያወራ ነበር። ነገ በጠዋት ኑ፣ በእርግጠኝነት ታዩዋታላችሁ ይላል። ቃል ገባ። አሁን ብነግረው አይሰማኝም።

ሚያዝያ 11፣ ከሰዓት
አንድ ነገር ሞከርኩ። ከቤታችን በታች ያለውን ወንዝ ተሻግሬ፣ ከማዶ ጫካ ገብቼ እንደ እሷ ጮኽኩ። ከጉሮሮ የሚወጣ፣ የሚንኮራኮር ድምፅ ነው። ብቻዬን ስሆን ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ቁንጮዋ ራሷን ቀና አደረገች፤ ግን አልተነሳችም። ሩቅ ነኝ። ታምራት ግን ሰማ። ወንዙ ዳር ሞተሩን እያጠበ ነበር። ጨርቁን ጣለና ሌላ ወፍ መስሎት ወደ ማዶ ማየት ጀመረ።
ሳቄ መጣ፤ አፌን በነጠላ ያዝኩት።

ሚያዝያ 11፣ ማታ
ወስኛለሁ። ነገ እነሱ ሳይደርሱ ወንዙን እሻገራለሁ። ገና ከመንገዱ ሲወርዱ እጮኻለሁ፤ ድምፁን ተከትለው ከጎጆው ይርቃሉ። ሲቀርቡ ዝም፣ ከዚያ ራቅ ብዬ እንደገና። ጫጩቷ እስክትበር በመጡ ቁጥር።
ታምራት ያውቀኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አያውቀኝም። ድምፄን መቼ ሰምቶት ያውቃል።