ከሌባ ተርፎ በፖሊስ ግቢ እያለቀ ስላለው መኪናዬ

ለምቲ ምሬፉ ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ
ናኩሩ

ቀን፦ ኦገስት 14 ቀን 2023

ጉዳዩ፦ ሌባ ምንም ያላጎደለበት መኪናዬ በጣቢያዎ ግቢ ተበልቶ ሳያልቅ እንዲወጣልኝና የባለቤቴ ዊልቸር እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር አዛዥ፣

እኔ ናሊያካ ዋንያማ፣ በገበያው ልብስ ሰፊ፣ የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ። ትሕትናው የደብዳቤው እንጂ የልቤ አይደለም።

1. ነጩ ፕሮቦክስ መኪናዬ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሰረቀ። በዚያው ሳምንት ባልደረቦችዎ ኛጋ የተባለውን ተጠርጣሪ ከነመኪናው ያዙት። አመሰገንኩ፤ ለምስጋናው ቸኩያለሁ። መኪናው ሲያዝ አንዲት ብሎን አልጎደለችውም። ከወገቡ በታች የማይንቀሳቀሰው የባለቤቴ የሲሚዩ ዊልቸርም እንደታጠፈ ከኋላ ተገኝቷል።

2. «ኤግዚቢት ነው፣ ክሱ ሳያልቅ አይለቀቅም» ተባልኩ። ሕግ ነው ብዬ ተመለስኩ። በሌላ ቀን ስመጣ ባትሪው የለም። ቀጥሎ ቴፑ ሄደ፣ ከዚያም ትርፍ ጎማው። በስፖኪዮዎቹ ላይ፣ ሌባ እንዳይነቅላቸው፣ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ የታርጋ ቁጥሬን አስቀርጬ ነበር፤ እነሱም ተነቅለዋል። አስር አለቃ ሙስዮካን ብጠይቃቸው «እማማ፣ መኪና ሲቆም ያረጃል እኮ!» አሉኝ። ቴፕ አርጅቶ ተነስቶ ሲሄድ ያየሁት በጣቢያዎ ብቻ ነው። እንዳይከፋኝም «መኪናዎን ከሌባ ይጠብቁ» የሚል ወረቀት ሰጡኝ። መብራትና ዘበኛ ባለበት፣ በታጠረ ግቢ ያቁሙ ይላል። መብራቱም፣ አጥሩም፣ ዘበኛውም ያለው እርስዎ ዘንድ ነው።

3. ዊልቸሩን ግን አገኘሁት። የበሩ ዘበኛ ተቀምጦበት ሻይ ይጠጣል። «የባሌ ነው» ብዬ ብነግረው «ኤግዚቢት አይነካም፣ እማማ» አለኝ፣ ከላዩ ሳይነሳ። ሲሚዩ መኪናው ከተሰረቀ ወዲህ ከአልጋ አልወረደም፤ ጀርባው መቁሰል ጀምሯል። ፀሐይ ላሙቀው ብዬ ተሸክሜው ደጃፉ ላይ ሁለታችንም ወደቅን። እሱ እንዳልደነግጥ ብሎ ሳቀ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ስነሳም የጣቢያዎን ስም እየጠራሁ ተራገምኩ።

4. ኛጋ በዋስ ወጥቶ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ተገናኘን። «እማማ፣ እግዚአብሔርን፣ ባትሪውን አልነካሁም!» አለኝ። «ዊልቸሩንማ ሳየው ደንግጬ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ጥዬው ልሮጥ ነበር። ምን ላድርግ፣ ቶሎ ያዙኝ።» አመንኩት። ሰርቆኛል፣ ይቅር አላልኩትም፤ ግን ከጣቢያዎ ይልቅ እሱን ማመን ቀለለኝ።

ስለዚህ መኪናው እንዲለቀቅልኝ እጠይቃለሁ። ሕጉ አይፈቅድም ከተባለ፣ ክሱ እስኪያልቅ በተከሳሹ በኛጋ እጅ በአደራ ይቀመጥልኝ። እሱ ዘንድ በነበረ ጊዜ አንድም ነገር አልጎደለም።

ዊልቸሩን በተመለከተ ግን ቀጠሮ አልቀበልም፤ ዛሬውኑ ይሰጠኝ። ለዳኛው ፎቶውን ማሳየት ይበቃል። ዘበኛዎ ቆሞ መጠበቅ ይችላል። ባለቤቴ መቆም አይችልም።

ከተረፈችኝ ሰላምታ ጋር

ናሊያካ ዋንያማ
(ፊርማ)