ያልታጠበ የትራስ ልብስ

ብሮንዊን ልጄ፣ በዚያ በስኮትላንድ ብርድ ፈጣሪ ሙቀቱን ያልብስሽ። እኛ እዚህ ባንዳበርግ ከተማ ደህና ነን፤ የጓሮው ማንጎ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል።

ስሚኝማ፣ መንግሥት በአደራ የሰጠኝ ትንሹ ዊል ወደ እናቱ ወደ ሼልቢ ሊመለስ ነው። ዳኛ ፊት ቆሜ «ተሽሏታል፣ ልጇን ስጧት» ብዬ የተሟገትኩላት እኔው ነኝ። ቅዳሜ ልትጠይቀው ስትመጣ ግን «እማዬ!» ብሎ እኔን ገፍትሮ ሲሮጥ ቅናት አንገበገበኝ። የተኛችበትን የትራስ ልብስ ሰጠችኝና «ጠረኔን እያሸተተ ይተኛ፤ እንዳያጥቡት አደራ» አለች። እንደኔ የሰው ልጅ በአደራ ለሚያሳድጉ ሁሉ «የእናቱን ጠረን አታጥቡበት» ብዬ የማስተምረው እኔ! ገና መኪናዋ ሳይርቅ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ወረወርኩት። ቁልፉን ልጫን ስል እጄ እምቢ አለኝ። አወጣሁት፤ ዊልም ፊቱን ቀብሮበት እንቅልፍ ወሰደው። ለእኔ እንዲህ ተኝቶልኝ አያውቅም።

ልጄ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ አንገትሽ ላይ የምትጠመጥሚውን ሻርፕ ላኪልኝ። ሳታጥቢው።