ጤነኛ ተብላ ስለቆመችው ታክሲዬ

ለተከበሩ ጓድ ገብረየሱስ
የጋራዡ የኤሌክትሪክ ምርመራ ክፍል ኃላፊ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 1974 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን። እኔ፣ ሲሚንቶ ላይ ተኝቼ ያተረፍኩት የወገብ ሕመም ሳይቆጠር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋራዡ የሐሳብ መስጫ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ለቅሬታ ሳይሆን ለምስጋና ነው፤ ዝርዝሩም እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ/ ታክሲዬ ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለች ስላስቸገረችኝ ወደ ክፍልዎ ባመጣኋት ጊዜ፣ ከውጭ የገባውን አዲሱን የባትሪና የዲናሞ መመርመሪያ በገዛ እጅዎ ስለገጠሙልኝ አመሰግናለሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ጠቋሚው አሥራ ሁለት ቮልት ተኩል አሳየ። ሞተሩ ሲነሳ ግን ይወጣል ስል ወርዶ ቀዩ መስመር ላይ ተቀመጠ። እኔ መሃይሙ «ጓድ፣ ቀይ ማለት አደጋ አይደለም ወይ?» ብዬ ብጠይቅዎ፣ ዙሪያዎን ቃኝተው ድምፅዎን ከፍ በማድረግ «በዚህ ዘመን ቀይን አደጋ የሚል ማነው?» ስላሉኝ ወዲያው አፌን ያዝኩ። «መኪናይቱ ፍጹም ጤነኛ ናት» የሚል ወረቀትም በማኅተም ሰጡኝ።

፪ኛ/ ያቺ ጤነኛ መኪና በሳምንቱ ሜክሲኮ አደባባይ፣ በሰልፍ ልምምድ መካከል፣ ሹማምንት ከጫነ መኪና ፊት ቀጥ አለች። በርበሬ ጭነው ወደ ተክለ ሃይማኖት ይሄዱ የነበሩት እትዬ ቀመሪያ ወርደው ቢገፉም አልተነቃነቀችም። አብዮት ጠባቂዎች ሲከቡኝ ወረቀትዎን በኩራት አወጣሁ። እነርሱም አንብበው፣ መኪናዋ ጤነኛ ከሆነች ሾፌሩ ሆን ብሎ አቁሟታል ማለት ነው ብለው፣ በአሻጥር ወንጅለው ቀበሌ አስገቡኝ። የጻፉት ወረቀት ይህን ያህል ክብደት እንዳለው አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ሀሚዳ ስንቅ ይዛ በመጣች ቁጥር «ከእንግዲህ አታምጪ» የሚለውን መርዶ እንዳይነግሯት እየፈራች፣ ባዶው ሳህን እስኪመለስላት ከበሩ አትርቅም ነበር። ይህን ስጽፍ ቀልዱ ለአፍታ ስለጠፋብኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፫ኛ/ በሦስተኛው ቀን በእርስዎ ሥር የምትሠራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወይዘሪት ታየች መታሰሬን ሰምታ መመርመሪያውን በነጠላዋ ጠቅልላ ቀበሌ ድረስ መጣች። ተጎትታ ቀበሌው ግቢ የገባችውን ታክሲዬን አስገፍታ አስነሳችና መመርመሪያውን ገጥማ ለኮሚቴው እንዲህ ስትል አስረዳች፦ «ጠፍታ ሳለች የሚነበበው የባትሪው ነው፤ ስትነሳ የሚነበበው የዲናሞው ነው። ወደ አሥራ አራት ካልወጣ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም። ያለውን በልታ ስትጨርስ ትቆማለች፤ ሰውዬው ምን አጠፋ?» ቀጥላም ዲናሞውን ፈትታ፣ በውስጡ እየተፋተገ ኤሌክትሪኩን የሚያሳልፈውን፣ አሁን ግን ተፍቆ ያለቀውን ካርቦን ከሊቀመንበሩ መዳፍ ላይ አኖረችው። ሊቀመንበሩ ካርቦኑንና ማኅተምዎን እያፈራረቁ አዩ፤ ሳቃቸውን ለመደበቅ ጥቂት ሳሉና በዚያው ከሰዓት ለቀቁኝ።

፬ኛ/ ታየች ግን «ያለ ፈቃድ ንብረት አውጥታለች» ተብላ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት መዛወሯን ሰማሁ። የመለኪያ ንባብ የሚገባትን ብቸኛ ሰው ብሎን እንድታስተካክል መመደብዎ የሰው ኃይል አያያዝዎን ያሳያል። መመርመሪያውም ከእርስዎ ጋር ብቻውን ስለቀረ ያሳዝነኛል። ወደ ቦታዋ ቢመልሷት ከእኔ ይልቅ የሚጠቀሙት ነገ ወረቀትዎን ይዘው የሚታሰሩት ሾፌሮች ናቸው።

ውለታዎን በወገቤ ተሸክሜ፣ ከከፍተኛ አክብሮት ጋር ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ፤

አብዱልመናን ኑሪ
የታክሲ ባለንብረት፣ የቀድሞ አሻጥረኛ

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ሊቀመንበር
ለእትዬ ቀመሪያ፣ ስለ ግፊቱ

በተጨማሪ፦ ይህን ልለጥፍ ስመጣ የእርስዎ የመሥሪያ ቤት መኪና አልነሳ ብላ ሲገፏት ደርሼ አግዣለሁ። ሾፌርዎ በጆሮዬ እንደነገረኝ፣ ለምርመራ ሌላ ጋራዥ እንዲወስዳት አዘውታል። እውነትም ባለሙያ ነዎት።